ሦስት መቶኛው ሜትር

ሜትሩ ሞቶ ሲገኝ ቅንድቡ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ነበር። በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሁለት እጁን አንድ የሪባን ጥቅል ላይ እንደጫነ ቀርቷል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ አንዴ ተመትቷል፤ አንዷም በቅታዋለች። ቀዝቃዛው ክፍል ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ስለሆነ ደሙ እንኳ ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ረግቷል።

ሪባን ሲባል ፀጉር ላይ የሚታሰረው አይምሰላችሁ። ይህ ፋብሪካ የካርቦን ክር ከሰባ የክር ማጠንጠኛ ቦቢን ላይ ይስባል፣ በማበጠሪያ ጎን ለጎን ያሰልፋል፣ ሙጫ የተቀባ ወረቀት ላይ አስተኝቶ በጋለ ሮለር ይጫነዋል። መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ጥቁር ሪባን ሆኖ ይወጣል። ገዢዎቹ ደራርበው፣ ጠምጥመው፣ በምድጃ ያበስሉትና ከብረት የጠነከረ ዕቃ ያደርጉታል፤ የጀልባ ምሰሶ በሉት፣ ሰው ሠራሽ እግር በሉት፣ እሳት አጥፊዎች በጀርባቸው የሚያዝሉት የአየር ሲሊንደር በሉት። ሙጫው ያለጊዜው እንዳይደርቅ ጥቅሉ በብርድ ይቀመጣል። ሟቹ የዚህ ሁሉ ፎርማን ነበር። ስንት ሰዓት ሆነ ሲሉት «አምስት መቶ አሥር ሜትር» ብሎ የሚመልስ ሰው ስለነበር፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም ሁሉም ረስቶት «ሜትሩ» ሆኖ ቀረ።

ፖሊስ ጣቢያ የተደወለው ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ነው። የተላከችው መርማሪ የልብስ ሰፊ ልጅ ነች፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ የተወለወለ። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ሹል ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ገብታ እስክትወጣ ድረስ መግባቷን ማንም ልብ አይልም።

ስትደርስ አንድ ግዙፍ ሰው የቀዝቃዛውን ክፍል ጠባቂ ግድግዳ ላይ አጣብቆ አንገቱን ይዞታል።

«ልቀቀው፤ ለዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃኛል» አለች።

«አልለቀውም! ቁልፉ በማን አንገት ነው የሚንጠለጠለው? በዚህ ውሻ አንገት አይደለም?»

ሰውየው የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ላቡና እንባው ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ጠባቂውን የለቀቀው ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ከጠመዘዙት በኋላ ነው።

«ስሚ እህቴ» አላት እየተነፈሰ፤ «ወንድሜ ነገ ስድስት ሰዓት ይቀበራል። ከዚያ በፊት ገዳዩን ካላሳየሽኝ፣ ይሄኛውን አብሬው እልከዋለሁ። ከፈለግሽ አሁኑኑ ጻፊው፤ እፈርምልሻለሁ።»

«ትታሰራለህ።»

«እታሰራለኋ! የአጎቶቼ ልጆች ደግሞ አይታሰሩም፤ አምስት ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን ብታስሪ እነሱ አሉ።»

መርማሪዋ ዓይኑን አየችው። ይህ ሰው እየፎከረ አይደለም። ጠባቂውን ጣቢያ ወስዳ ብታሳድረው ማሳደሯ ራሱ ፍርድ ነው፤ በወጣ ቀን ይጠብቁታል። ስለዚህ ያላት ጊዜ እስከ ቀብሩ ነው፤ ካልደረሰች የጠባቂው ነፍስ በእሷ አንገት ነው።

ሬሳው ዘንድ ገባች። በሩ ላይ በተንጠለጠለው መዝገብ ሜትሩ በራሱ እጅ «ገባ፦ 4፡20» ብሎ ጽፏል፤ የወጣበት ግን የለም። የሙቀት መለኪያዋ ብዕር ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ወረቀቷ ላይ ጉብታ ትሠራለች። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጉብታ አለ፤ አራት ከሃያ፣ አራት ከሠላሳ አምስት፣ ከዚያ ሬሳው የተገኘበት ሰባት ተኩል።

ከሟቹ የደረት ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወጣች። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «300 ከውጭ = 300። አይነገራት።»

«ማናት እሷ? ሚስቱ?» አለች።

«ሚስቱማ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው» አለ ኢንጂነሩ፤ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ ቀጭን፣ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል። «ምናልባት ሌላ ሴት…»

«ሜትሩ?» አለ ጠባቂው አንገቱን እያሻሸ፤ «ሜትሩ እኮ ሴት ቢያቅፍ ስፋቷን ነው የሚለካው።»

ሹፌሩ ከውጭ ሰምቶ አጓራ። ጠባቂው ከበሩ ራቅ አለ።

ጠባቂውን ሁሉም «በረዶው» ይሉታል። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ብርድ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ሆዱ ግን ከቀበቶው በላይ ገፍቷል።

«ይሄ ቁልፍ ከአንገትህ ወርዶ ያውቃል?» ስትል ጠየቀችው።

«በየቀኑ ነዋ! ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ ሃምሳ ድረስ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ሐኪም አዝዞኝ ነው። ያኔ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬው እወጣለሁ። የፈለገ ያነሳዋል።»

«ፀሐይ ስትሞቅ ማን አየህ?»

«ፀሐይዋን ጠይቂያት።»

«ከሜትሩ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ማን ያልተጣላው አለ? አንድ ጥቅል ከብርድ አውጥቼ ካርዱን ሳልሞላ ብቀር በሰው ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን አቆመኝ። ቂም ይዤበታለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እኔ ቂሜን የምወጣው በአፌ ነው። ጠይቂ፤ ሜትሩን ያላማሁበት ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም።»

«ሟቹ እጁን የጫነበት ጥቅልስ?»

«የተመለሰው ነው። አይነካም ተብሏል።»

ካርዱን አገላብጣ አየችው። «ጠቅላላ 900 ሜትር። ከ1 እስከ 450 እትዬ፤ ከ451 እስከ 900 ሜትሩ» ይላል። ከሥሩ አዲስ መስመር አለ፦ «ቅዳሜ፤ ሦስት ሰዓት ከብርድ ውጭ።» ፊርማ የለውም፤ ጽሑፉ ግን እንደ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ንጹሕ ነው።

«ለምን ሦስት ሰዓት?»

«ከብርድ የወጣ ጥቅል በታሸገበት ከረጢት ሦስት ሰዓት መሞቅ አለበት። ቀዝቃዛ እንደሆነ ከተከፈተ አየሩ ላዩ ላይ ውኃ ይሆንበታል፣ ሪባኑ ይበላሻል። እኔ ብሆን አልጠብቅም ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ሬሳውን ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ።

ስለተመለሰው ጥቅል የነገራት ኢንጂነሩ ነው፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራ አስኪያጁ እንዳይሰማው።

«ስምንት ወር ሆነው። አንድ ሲሊንደር አየር ሲሞሉት ፈነዳ፤ አንድ ወጣት እሳት አጥፊ ሞተ። ሲሊንደር ሠሪዎቹ ከጥቅላችን ሦስት መቶ ሜትር ተጠቅመው ነበር፤ የተረፈውን ስድስት መቶ መለሱልን። አንድ ክር ለአሥራ ሁለት ሜትር ጎድሎበታል። ስድስት ሜትሩ ሲሊንደሩ ላይ ገብቷል፣ ስድስቱ እኛ ዘንድ በተመለሰው መጀመሪያ ላይ አለ። ያጠፋው ማን እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ ይጣራ አላለም፤ ይዘጋ ነው ያለው።»

«ዛሬ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የት ነበርክ?»

«ከሥራ አስኪያጁ ጋር፣ ቢሮው ውስጥ፣ እስከ አምስት ሰዓት ከደንበኛ ጋር በስልክ ስንለማመጥ።» ሥራ አስኪያጁም፣ ጸሐፊውም ይህንኑ አሉ።

ማሽኑ ክፍል የሚገባው በነጭ ቱታ ብቻ ነው፤ አቧራ ለሪባን ጠላት ነውና። ሦስት ቱታ ብቻ አለ፤ የሜትሩ፣ የኢንጂነሩና የእትዬ። ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ማሽነኛ ናቸው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ቀጥ ያለ ወገብ፣ ሰው ሲያዩ ስፌቱን እንደሚመረምሩ የሚያስመስል ዓይን። መርማሪዋ የኢንጂነሩን ቱታ ተውሳ ገባች።

«እትዬ፣ እኔ ይሄን ሥራ አላውቅም። ያስረዱኝ።»

«ለማወቅ ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ አንቺ ደግሞ የቸኮልሽ ትመስያለሽ» አሉ። ግን ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸውና አስረዷት። «ማሽኑ በደቂቃ ሦስት ሜትር ይስባል፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የእኔ ሥራ ዓይኔን ከቦቢኖቹ አለመንቀል ነው። አንዱ ሲያልቅ ወዲያው እቀጥለዋለሁ። ካልቀጠልኩት ክፍተት ይሆናል፤ ስፋቱ የክብሪት እንጨት ቢያህል ነው።»

«ይሄን ያህል ለክብሪት እንጨት?»

«ሰው ይሞትበታል!» ጮኹ፤ ቀጥሎም ድምፃቸውን ሰበሰቡ። «ክፍተት ካለ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል። ገዢው ያንን አይቶ ቆርጦ ይጥለዋል። ቀይ ወረቀት ያልለጠፈ ነፍሰ ገዳይ ነው።»

«ዛሬ ከማሽኑ ተነስተው ነበር?»

«ቆጣሪውን እዪው። ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሳይቆም ዘጠኝ መቶ ሜትር። እኔ ባልኖር ማን ይቀጥልልኛል፣ ሙጫው?»

«ሜትሩ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ሞቷል» አሉና ወደ ቦቢኖቹ ዞሩ።

መርማሪዋ ለመውጣት ስትዞር ከማሽኑ ጎን ያለው መደርደሪያ ላይ ዓይኗ አረፈ። የጥቅል ቱቦ የሚሰካባቸው ስድስት የብረት ዘንጎች ተጋድመዋል፤ ከሥራቸው ነጭ ወረቀት ተነጥፏል። ከሦስተኛው ዘንግ ሥር ወረቀቱ ተሸብሽቧል፤ ውኃ ጠጥቶ የደረቀ ወረቀት ነው። በማሽኑ ክፍል ደግሞ የውኃ ጠብታ አይገባም።

ከቀትር በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ የዕለቱን ጥቅል ማሸጊያ አዳራሹ ወለል ላይ እንዲዘረጉላት አዘዘች። ኢንጂነሩ እየተንበረከከ፣ ሜትር እየቆጠረ፣ እየተራገመ ዘረጋው። በሁለት ቦታ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። መርማሪዋ ሁለት ቁጥር ጻፈች። ከዚያ የተመለሰውን ጥቅል ይዛ መሐሉን የሚሸፍነውን የጎን ክዳን በገዛ እጇ ፈታች፣ ውስጡን አየች፣ ለሲሊንደር ሠሪዎቹ ስልክ ደወለች። በመጨረሻ ከግቢው በር ጥበቃ የዓምናውን የጎብኚዎች መዝገብ ጠየቀች። እዚያ ላይ አንዲት መስመር ስታነብ ብዙ ቆየች። ጥበቃው «ዓይንሽን አመመሽ እንዴ?» አላት። «አይ፣ ሆዴን ነው» አለችው።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ማሸጊያ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አጥብቋል፤ ኢንጂነሩ መነጽሩን ይወለውላል፤ በረዶው ከፖሊሱ ጀርባ ተሸጉጧል፤ እትዬ ወንበር ተሰጥቷቸው አልተቀመጡም። ሹፌሩ በሩን ዘግቶ ቆመ፤ ክንዱ በር ያህላል።

«ሁለት ሰዓት ቀርቶሻል» አላት።

«አያስፈልገኝም» አለች። «ሜትሩ አራት ከሃያ ገባ። በሩ አራት ከሠላሳ አምስት ላይ ተከፍቶ ገዳዩ ወጣ። ነገሩ ያለቀው በእነዚህ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነው። ኢንጂነሩና ሥራ አስኪያጁ አብረው ነበሩ።»

«እንግዲህ ይሄው ነው የቀረው!» ሹፌሩ ወደ በረዶው ተራመደ።

«ቆይ። ወንድምህ በምን ተመታ? በብረት ዘንግ። ዘንግ ያለው ማሽኑ ክፍል ነው። ከሦስተኛው ዘንግ ሥር ወረቀቱ ውኃ ጠጥቷል። ብርድ ውስጥ የቆየ ብረት ሙቀት ሲያገኝ ያልበዋል፤ ተጠርጎ ቢመለስም ማላቡን አይተውም። ያ ዘንግ በረዶ ቤት ሄዶ ተመልሷል። እዚህ ያለው በረዶው ማሽኑ ክፍል የሚያስገባ ቱታ የለውም፤ ቢለብሰውም ሆዱ አይዘጋለትም።»

«እውነት ነው» አለ በረዶው በቀጭን ድምፅ።

«እትዬ ግን ማሽኑ ላይ ነበሩ!» አለ ኢንጂነሩ። «ቆጣሪው አልቆመም።»

«ማሽኑ አልቆመም። ማሽኑ ሰው ባይኖርም ይስባል። የትናንቱን ጥቅል አንተው ነህ የዘረጋህልኝ። ቀይ ወረቀቶቹ የት ላይ ነበሩ?»

ኢንጂነሩ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። «አራት መቶ አሥራ አራት ላይ… አራት መቶ ሰማንያ ላይ።»

«በደቂቃ ሦስት ሜትር ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምረህ ቁጠር። አራት መቶ አሥራ አራተኛው ሜትር የወጣው አራት ከአሥራ ስምንት ላይ ነው፤ አራት መቶ ሰማንያኛው አራት ከአርባ ላይ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦቢን ባዶውን ሲዞር የቀጠለው ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ክር አምልጧቸው የማያውቁት ሴት የት ነበሩ?»

ሥራ አስኪያጁ «የድርጅታችን ስም…» ብሎ ጀመረና የሚሰማው አጣ።

«እትዬ፣ ያንን ቀይ ወረቀት ባይለጥፉት ኖሮ እኔ ክፍተቱን የማይበት ዓይን አልነበረኝም» አለች መርማሪዋ። «ሰው ገድለው ተመለሱ፣ ክሩን ቀጠሉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለጠፉ።»

«ታዲያ ሳልለጥፍ ልላከው?» አሉ እትዬ። መካዱን አላሰቡትም፤ የተሰደቡ መሰሉ እንጂ። «የሌላ ሰው ወንድም ይሙትበት?»

«የሌላ ሰው ወንድም» አለች መርማሪዋ። «የፈነዳው ሲሊንደር የገደለው ልጅ ወንድምዎ ነበር።»

«በአባት እንለያያለን። እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዬ ነው ያደገው። እዚህ ለማንም አልነገርኩም። ከነገርኩ ጥቅሉን ይደብቁብኛል።» ወደ ሹፌሩ ዞሩ፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው። «ስምንት ወር ጠበቅኩ። ቅዳሜ ጥቅሉን አወጣሁ፣ ሦስት ሰዓቱን ጠበቅኩ፣ ከፈትኩት። ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጨረሻ የተሠራው ሁልጊዜ ከውጭ ነው፤ ዘጠኝ መቶ ሲቀነስ ሦስት መቶ ስድስት መቶ ነው። ስድስት መቶኛውን ሜትር የሠራው ማነው? ወንድምህ! ና አሳየኝ ብዬ ወሰድኩት። ‹ይቅርብዎ እትዬ፣ አይቁጠሩት› አለኝ። ገድሎብኝ አይቁጠሩት! ጎንበስ ሲልልኝ መታሁት። ደግሜ ባገኘው ደግሜ እመታዋለሁ። የወንድሜን ደም መልሻለሁ፤ አሁን የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

ሹፌሩ ጡጫው ተጨበጠ። መርማሪዋ ግን አልጨረሰችም። እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ገዳዩ ተገኝቷል፣ የበረዶው ነፍስ ተርፏል። ይህን መናገር ጭካኔ ነው የሚል ካለ፣ ያለጥፋቱ ጥፋተኛ ተብሎ የሚቀበረውን ሰው ይጠይቅ።

«የጥቅሉን የጎን ክዳን ከፍተውት ነበር?» አለች።

«ለምን ብዬ?»

«እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጣቃ ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው መሐሉን ነበር። የእናንተ ጥቅል ሁሉ የሚጠቀለለው ሰማያዊ ቱቦ ላይ ነው። የተመለሰው ግን ግራጫ ቱቦ ላይ ነው ያለው። ደወልኩላቸው። ሲሊንደር ሠሪዎቹ ማንኛውንም ጥቅል ሲቀበሉ ወደ ራሳቸው ቱቦ ይገለብጡታል። ሲገለበጥ መጀመሪያ የተሠራው ወደ ውጭ ይወጣል።»

እትዬ ከንፈራቸው ተላቀቀ። ሂሳቡን ከማንም በፊት የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

«ከውጭ ሲቆጠር ሦስት መቶኛው፣ ሲሠራም ሦስት መቶኛው ራሱ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሜትሩ ክዳኑን ከፍቶ አውቆት ነበር። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ‹አይነገራት› ብሎም ጨመረበት። ከአንድ እስከ አራት መቶ ሃምሳ የሠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ውሸት ነው። እኔ ክፍተት አይቼ ሳልለጥፍ አላልፍም። በሕይወቴ አላለፍኩም!»

«ያን ጥቅል የጀመሩትም ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት መቶኛው ሜትር የወጣው ሦስት ከአርባ ላይ። ክፍተቱ አራት ደቂቃ ነው። ጥቅሉ የተሠራ ዕለት የበሩ መዝገብ እንዲህ ይላል፤ ‹3፡37። የእትዬ ወንድም። አዲስ የእሳት አጥፊ ልብስ ለብሶ ሊያሳያቸው።›»

እትዬ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉት፤ አላገኙትም። ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ኮፍያው ሰፍቶት ነበር» አሉ ለራሳቸው። «ጆሮው ላይ ወርዶ። እየሳቅኩ ተመለስኩ። ክሩን ቀጠልኩት… እየሳቅኩ ነበር…» ከዚያ እንደ እብድ በጉልበታቸው ተስበው የሹፌሩን እጅ ያዙ። «ምታኝ! የወንድምህ ደም አለብኝ፤ ምታኝ እንጂ! ለምን መጣህ ታዲያ? አንገቴ ይኸው!»

ፖሊሶቹ ተንቀሳቀሱ። መርማሪዋ እጇን አንስታ አቆመቻቸው።

ሹፌሩ ወደ እሳቸው ጎንበስ አለ። ቀስ ብሎ ጣታቸውን አንድ በአንድ ከእጁ ላይ አላቀቀ፣ ደግፎ አነሳቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ለእናቱ እንደሚያደርገው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለላቸው።

«ዕድሜ ይስጥዎት እትዬ» አላቸው። «ጤና ይስጥዎት። መቶ ዓመት ይኑሩ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይረሱ ይኑሩ።»

በሩን ከፍቶ ወንድሙን ሊቀብር ሄደ።